ገራዶ የሚጠወልገው ቆስጣ ደሴ ድስት ውስጥ እንዴት ይግባ? የአንባቢ ጥያቄዎች

ባለፈው እትም አንድ ነገር ጠይቄያችሁ ነበር፣ ደሴ ዙሪያ ያለ ማዳበሪያና ያለ መድኃኒት በትንሽ መሬት ላይ ብዙ አይነት ነገር የሚያመርቱ ገበሬዎች እያሉ ከተማው ውስጥ ድስት ሳይጥድ የሚያድር ቤተሰብ ለምን ይኖራል፣ ሁለቱን ማን ያገናኛቸው ብዬ። ከጠበቅኩት በላይ ጻፋችሁልኝ። ሁሉንም ማውጣት ስለማይቻል አምስቱን መርጫለሁ፣ ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ እንጂ ሀሳባችሁን አልነካሁም።

ከገራዶ የመጣ ጥያቄ፦
"ሰላም ለናንተ ይሁን። መሬቴ ከአንድ ጥማድ ትንሽ ብትበልጥ ነው፣ ግን የሌለባት ነገር የለም፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይስር፣ ካሮት፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዳር ዳሩን ጤና አዳምና በሶብላ። ማዳበሪያ ካቆምኩ አራት አመት ሆነኝ፣ በፍግና በብስባሽ ነው የምሰራው። ችግሬ ነጋዴው ነው፣ ሲመጣ ካሮት ብቻ ወይ ድንች ብቻ መኪና ሙላልኝ ይላል፣ እኔ ደሞ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው ያለኝ። ወይ እሱ ባለው ዋጋ እሰጠዋለሁ ወይ ቆስጣው ለከብት ይሆናል። ልጄ ደሴ ስንት የተቸገረ ሰው አለ ለምን አትሰጥም ይለኛል። መስጠት ጠልቼ አይደለም፣ ግን እኔም ነሐሴ ላይ ሸምቼ ነው የምበላው። ምን ይሻለኛል?"

መልስ፦ አባቴ፣ ከደብዳቤዎ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት "እኔም ነሐሴ ላይ ሸምቼ ነው የምበላው" ያሏትን ነው። ገበሬ ስለሆነ ብቻ ጎተራው ሙሉ ይመስለናል፣ ግን በልጉ ቀርቶበት መኸሩ ያልደረሰለት የደቡብ ወሎ ገበሬ ሐምሌና ነሐሴን እንዴት እንደሚያልፋቸው ገጠር ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ልጅዎ ልቡ ቅን ቢሆንም በነጻ ይስጡ አልልዎትም። አንድ ሁለት ሳምንት ይሰጡ ይሆናል፣ ሶስተኛው ላይ የዘር መግዣ ያጣሉ፣ ከዛ መሬቷ ለባህር ዛፍ ወይ ለጫት ትሄዳለች፣ ያኔ እርስዎም የሉም ጎመኑም የለም። የተቸገረ ቤተሰብ እንዲበላ ከተፈለገ ለገበሬው የሚከፍል ሰው መኖር አለበት፣ እዚህ ላይ እኔ አልደራደርም።

ደሞ ነጋዴው ጉድለት ያደረገብዎት ነገር ለቤተሰብ ጸጋ ነው። መኪና ጭኖ አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ማለት ጣጣ ነው። አንዲት እናት ግን ለሳምንቷ የምትፈልገው ሁለት እስር ጎመን፣ አንድ ሁለት ኪሎ ድንች፣ ጥቂት ካሮትና ቀይስር፣ ለወጥ ነጭ ሽንኩርት፣ ለቡናዋ ጤና አዳም ነው። የርስዎ ማሳ ማለት እኮ የሷ ዘንቢል ነው! ስለዚህ መፈለግ ያለብዎት አንድ ትልቅ ገዢ ሳይሆን ተሰባስበው እንደ አንድ ገዢ የሚቆሙ ቤተሰቦችን ነው።

እንዴት መሰላችሁ፣ ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ያዙት። 20 ቤተሰብ ተሰባሰበ እንበል፣ 14ቱ ደሞዝ ወይ ንግድ ያለው ነው፣ 6ቱ አቅም ያጠረው። የሳምንቱ ዘንቢል ገበሬው በጠየቀው ዋጋ 150 ብር ቢሆን 20 ዘንቢል 3,000 ብር ነው። 14ቱ 190 190 ብር ቢከፍሉ 2,660 ይሆናል፣ 6ቱ ደሞ 60 60 ብር ቢጨምሩ 360፣ ባጠቃላይ 3,020 ብር። ገበሬው ከዋጋው አንድ ብር አልጎደለበትም፣ ስድስቱ ቤተሰብም ለማኝ አልተባለም፣ ዘንቢሉን በአቅሙ ገዝቶ ነው የገባው። አስራ አራቱ በሳምንት 40 ብር ነው የጨመሩት፣ ሁለት ማኪያቶ ሳይሞላ። ዋናው ግን አቅም ያላቸው ሰዎች የወር ወይ የሁለት ወር ብራቸውን ቀድመው እንዲሰጡ ነው፣ ሰኔ ላይ ዘር ሲገዛ እጁ ላይ ብር ያለው ገበሬ ሰብሉን በቁሙ ለደላላ አይሸጥም።

ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም፣ ጃፓን ውስጥ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የቤት እመቤቶች ምግብ ላይ ያለው ኬሚካል አስፈርቷቸው ከገበሬ ጋር በቀጥታ ተዋውለው ቴይኬይ የሚባለውን አሰራር አስፋፍተዋል፣ ብራዚል ደሞ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ህግ መንግስት ለትምህርት ቤት ምገባ ከሚሰጠው ብር ቢያንስ 30 በመቶው ከትናንሽ ገበሬዎች ለመግዣ እንዲውል አድርጋለች። እኛ ግን ከጃፓንም ከብራዚልም ሳንበደር የእቁብና የእድር ሰዎች ነን፣ በየወሩ ብር ሰብስቦ በታማኝ ሰው እጅ ማስቀመጥ ማንም አያስተምረንም።

አንድ የምለምንዎት ነገር አለ፣ ስታስቡት ጉሊቷን እንዳትዘሏት። "ደላላ ይጥፋ በቀጥታ እንገናኝ" ሲባል ብዙ ጊዜ አብራ የምትጠፋው እሷ ናት። ባለፈው ሰሞን ፒያሳ አካባቢ አንዷ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነበር፣ ከጆንያ ላይ ጎመኗን በቃጫ ታስራለች፣ በኮዳ ውሃ እያርከፈከፈች ታድሰዋለች፣ አመሻሽ ላይ ሁለቱን እስር በአንድ ዋጋ ትሰጣለች፣ ያልተሸጠውን ጠቅልላ ቤቷ ይዛ ትሄዳለች፣ የልጆቿ እራት እሱ ነው። የቱ ቤት በዱቤ እንደሚወስድና የቱ ቤት መምጣት እንዳቆመ እሷ ታውቃለች፣ ማንም ባለሙያ መዝግቦ አይደርስበትም። የርስዎን ዘንቢል አከፋፋይ እሷን አድርጉና ከእያንዳንዱ ዘንቢል ጥቂት ብር ይድረሳት። ከገራዶ በባጃጅ ወይ በጋሪ ከመጣ በኋላ ለየቤቱ የሚያደርሰው እግር የሷ ነው።

ደሴ ከምትኖር እናት የመጣ ጥያቄ፦
"በ2013 ክረምት ከቆቦ ተፈናቅዬ ነው የመጣሁት፣ እዚሁ ቀረሁ። ባለቤቴ የቀን ስራ ነው፣ ሲገኝ ይሰራል። ሶስት ልጆች አሉኝ፣ ትንሿ የ10 ወር ናት። ምግባችን ሽሮና እንጀራ ነው፣ እሱም ሲገኝ። እርዳታ አለ ሲባል ተመዝግቤ ወረፋ ይዤ ነበር፣ ግን ፎቶ ያነሱናል፣ ትልቁ ልጄ ትምህርት ቤት ላይ ሰምቶ ሁለተኛ እንዳትሄጂ አለኝ። እናንተ የምትሉት ነገር እንደዛ ከሆነ እኔ ይቅርብኝ። ካልሆነ ግን በትንሽ ብር ልጆቼን ምን ላብላቸው?"

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ልጅሽ ልክ ነው፣ አንቺም ልክ ነሽ። ሰው ጎመን ሲቀበል ፎቶ የሚያነሳ ሰው ለራሱ ነው እንጂ ለተራበው አልሰራም፣ ይሄን ደብዳቤሽን ስብሰባ የሚጠሩ ሰዎች ሁሉ ፊት ባነበው ደስ ይለኛል። ከላይ ለገራዶው አባት የጻፍኩት ዘንቢል ላይ የማላልፈው ደንብ ይሄ ነው፣ የሁሉም ዘንቢል አንድ አይነት ይሁን፣ ቀኑም አንድ፣ የሚወሰድበት ቦታም አንድ። ማን 190 ማን 60 እንደከፈለ ብር ሰብሳቢው ብቻ ይወቅ፣ ደብተሩም ሱቅ ላይ አይቀመጥ። የባንክ ሰራተኛዋና አንቺ አንድ ጉሊት ጋ ቆማችሁ አንድ አይነት ቀይስር ይዛችሁ ብትሄዱ ልጅሽ የሚሰማው ወሬ የለም።

ትንሿ ላይ ደሞ ተስፋ አትቁረጪ፣ የ10 ወር ልጅ ማለት ምግብ በጣም የሚሰራላት ጊዜ ላይ ናት። የአለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ6 እስከ 23 ወር ያለ ልጅ በቀን ከስምንት የምግብ አይነቶች ቢያንስ አምስቱን ያግኝ ይላሉ፣ እና ከስምንቱ አንዱ የጡት ወተት ነው፣ እሱን ካልጣልሽ አንዱ ሞላ። እንጀራው ወይ የገብስ ገንፎው ሁለት፣ ሽሮው ወይ ምስሩ ሶስት። የቀሩሽ ሁለት ብቻ ናቸው! ጎመን ወይ ቆስጣ ወይ ካሮት አንዱ ነው (ሶስቱም በቫይታሚን ኤ ሀብታም ስለሆኑ አንድ ላይ ነው የሚቆጠሩት)፣ ቀይስር ወይ ቲማቲም ሌላው ነው። እንቁላል የተገኘ ቀን ስድስት ደረስሽ። ጎመኑን ስትሰሪው ትንሽ ጠብታም ቢሆን ዘይት ይንካው፣ ቫይታሚን ኤው ያለ ቅባት በደንብ አይገባም፣ ከዛ አድቅቀሽ ሽሮው ላይ ቀላቅይላት። ለብቻዋ ድስት መጣድ አያስፈልግሽም፣ ከናንተው ወጥ ላይ በርበሬ ሳይገባ ቀንሰሽ አውጪላት።

ለጊዜው ብር ካጠረሽ ጉሊት አመሻሽ ላይ ሂጂ፣ እንዳልኩት ያን ሰአት ዋጋው ይወርዳል፣ የጠወለገው ቅጠል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይነቃል። ደሞ ቀበሌ ላይ የከተማ ሴፍቲኔት ምዝገባ መቼ እንደሚከፈት ጠይቂ፣ ፕሮግራሙ በ2009 ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች። ተፈናቃይ ነኝ ብለሽ አትፈሪ፣ መጠየቅ መብትሽ ነው።

ከኮምቦልቻ የመጣ ጥያቄ፦
"ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ነው የምሰራው፣ አራት ሴቶች አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ወሩ ሲጋመስ የምንበላው ያልቃል። በወንዙ ዳር የሚበቅለው ሰላጣና ቆስጣ ይረክስልናል፣ ማዳበሪያ የለውም ኦርጋኒክ ነው ይሉናል። እውነት ነው?"

መልስ፦ እህቶቼ፣ ማዳበሪያ አልነካውም ማለት ንጹህ ነው ማለት አይደለም። ቦርከና ደሴን አቋርጦ የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ ነው እናንተ ጋ የሚደርሰው፣ እዛ ደሞ የፋብሪካ ፍሳሽ ይጨመርበታል። ኮምቦልቻ ዙሪያ ቦርከናና ወደሱ በሚገቡት ጅረቶች ላይ የተሰሩ ጥናቶች ክሮሚየምን የመሰለ ከባድ ብረት አግኝተዋል። የፍሳሽ ጀርምና የትል እንቁላል በደንብ ከበሰለ ይሞታል፣ ብረቱ ግን ብታጥቡትም ብታበስሉትም ቦታው ነው፣ ቅጠላ ቅጠል ደሞ ከፍሬና ከእህል የበለጠ ይሰበስበዋል። ስለዚህ ሰላጣውን በጥሬው በፍጹም አትብሉት፣ ከተማው በታች በወንዙ ውሃ የሚጠጣውን ቆስጣም ተዉት ነው የምላችሁ፣ ርካሽ መሆኑ ቢገባኝም። ሻጯን "ውሃው ከየት ነው?" ብላችሁ ጠይቋት፣ ከምንጭ ወይ ከጉድጓድ ወይ ከከተማው በላይ ከሆነ ግዙ።

ወሩ ሲጋመስ ለሚያልቀው፣ አራታችሁ ደሞዝ በወጣ ቀን እኩል አዋጡና የጥራጥሬና የእህሉን የወሩን ግዙት፣ ምስር፣ ክክ፣ ማሾ። ሳይበላሽ የሚቆየው ያ ነው፣ አትክልቱን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ። አራት ሰው ማለት ደሞ ለአንድ ገበሬ ሁለት ዘንቢል የሚወስድ ደንበኛ ነው፣ ግቢያችሁ ውስጥ ያሉትን ሌሎቹን ተከራዮች ስትጨምሩ ከሐረጎም ሆነ ከሐርቡ በኩል የሚመጣ ገበሬ እናንተ በር ላይ የሚቆምበት ምክንያት ያገኛል።

ከአንድ እድር ሰብሳቢ የመጣ ጥያቄ፦
"እድራችን ይሄን ነገር ሊሞክረው ይፈልጋል። አባላቱ ግን ገበሬው ኬሚካል እንዳልተጠቀመ በምን እናውቃለን ይላሉ። የኦርጋኒክ ሰርተፊኬት ይጠየቅ?"

መልስ፦ ጋሼ፣ አይጠየቅ። ስለ ኦርጋኒክ ግብርና አዋጅ ቁጥር 488/1998 የሚባል ህግ አለን፣ ግን ሰርተፊኬት ያላቸው በብዛት ወደ ውጭ የሚላኩት እነ ቡና ናቸው፣ አንድ ጥማድ ያለው ሰው የምርመራውን ወጪ አይችለውም። ስለዚህ ዘንቢሉ ላይ ኦርጋኒክ ብላችሁ አትጻፉበት፣ "በፍግና በብስባሽ የበቀለ" በሉት፣ እውነቱ እሱ ነው። ማረጋገጡ ላይ ደሞ ገበሬዎቹ አንዱ የሌላውን ማሳ ያያል፣ ከእድሩ ሁለት ሰው በየሶስት ወሩ አብሮ ይሄዳል፣ የታየው ይጻፋል፣ ያጠፋ ይነገረዋል። አይፎም የሚባለው አለም አቀፍ የኦርጋኒክ ግብርና ማህበር ራሱ ይሄን አይነቱን አሰራር ለትናንሽ ገበሬዎች ይደግፈዋል።

ስትሄዱ መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ ጎመኑን ሳይሆን ብስባሹን ነው። እኔ ገራዶ በሄድኩ ጊዜ አንድ ገበሬ ክምሩ መሀል ረጅም ዱላ ሰክቶ አየሁ፣ ሲነቅለው ጫፉ ይሞቃል፣ እርጥብም ነው፣ አሽትቺው አለኝ፣ ዝናብ የነካው አፈር ነው የሚሸተው። ዱላው ቀዝቅዞ ቢወጣ ደርቋል ወይ ስራው ቆሟል ማለት ነው፣ ቢከረፋ ደሞ ውሃ በዝቶበታል። እንዲህ በየቀኑ ዱላ እየነቀለ የሚያይ ሰው ማታ ተደብቆ ዩሪያ አይበትንም፣ ብስባሽ ሳይኖረው ኬሚካል አልጠቀምም የሚላችሁን ግን ደጋግማችሁ ጠይቁት፣ መሬት ካልተመገበ ከየት ያመጣል? ብስባሽ ምርት ይቀንሳል ለሚሏችሁም መልስ አለ፣ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ትግራይ ውስጥ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከገበሬዎች ጋር በሰሩት ስራ በብስባሽ የተዘራው እህል በማዳበሪያ ከተዘራው ያላነሰ፣ ብዙ ቦታም የበለጠ ምርት ሰጥቷል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሁዳዴ በፊት ከገበሬዎቹ ጋር ተነጋገሩ። 55 ቀን ሙሉ አትክልት የሚፈልገው ሰው ስለሚበዛ ዋጋው ይወጣል፣ ያኔ ገበሬው ገበያው ስቦት ዘንቢሉን ቢያጎድል አትቀየሙት፣ ቀድማችሁ ዋጋ ካልቆረጣችሁ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ካሮትና ቀይስር ተዘርቶ ለመድረስ ሁለት ሶስት ወር ይፈልጋል፣ ጥምቀት ላይ አስታውሳችሁ ብትደውሉለት ረፍዷል፣ ኅዳር ላይ ጨርሱት።

ከቃሉ የመጣ ጥያቄ፦
"ማሽላ አለኝ፣ ጥቂት ማሾም እዘራለሁ። ዘካዬን በየአመቱ ለመጣ ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ነው የማካፍለው፣ ማንንም የጠቀመ አይመስለኝም። እናንተ ከምትሉት ዘንቢል ጋ መግባት ይችላል ወይ?"

መልስ፦ ይችላል፣ እንዲያውም ከሁሉም ደብዳቤ ያስደሰተኝ የርስዎ ነው። እንደሚያውቁት ኒሳቡ (ዘካ ግዴታ የሚሆንበት የምርት መጠን) ሲሞላ በዝናብ የበቀለው አንድ አስረኛ፣ በመስኖ የተለፋበት ግማሹ ማለትም 5 በመቶ ነው፣ የሚወጣውም አጨዳ ላይ ነው። የመስጂድዎን ኢማም አማክሩና ከጎረቤቶችዎ ጋ አንድ ላይ አድርጋችሁ ለጥቂት ቤተሰብ በደንብ ስጡ፣ አስር ሰው አስር ጣሳ ከሚወስድ ሁለት ቤት እስከ ነሐሴ የሚያደርስ ኩንታል ቢያገኝ ይሻላል። አትክልት ላይ ዘካ አለ የለም የሚለው ላይ ዑለማዎቹ ይለያያሉ፣ እሱንም እሳቸው ይንገሯችሁ፣ ሰደቃ ግን በየትኛውም ቀን ነው።

እና ማሽላ ካነሱ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ወተት በጉንጬ አሁንም ይዘራሉ? ብዙ ምርት የላትም፣ ወፍም ይወዳታል፣ ለዛ ነው ገበሬው ከሌላው ማሽላ መሀል ትንሽ ብቻ ቀላቅሎ የሚዘራት፣ እሸቷን ጠብሶ ለመብላት። ተራ ማሽላ የሚጎድለው ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ነው፣ ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ብዙ ሺህ የማሽላ ዘር ፈትሸው ላይሲን ከፍ ብሎ ያገኙባቸው ሁለት ዘሮች ከኛው ከወሎ የሄዱ ነበሩ፣ አንዷ ይቺው ናት። አመቱን ልብ ይበሉ፣ ወሎ በረሀብ ያለቀበት አመት ነው። ሰው የሚያልቅበት ምድር ላይ ለልጅ ከሁሉ የሚሻለው ማሽላ በቅሎ ነበር፣ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል። እናቶቻችን ስሙን ያወጡት ያለ ላቦራቶሪ ነው።

ከቀረችዎት ጥሩ ጥሩዋን ዛላ ለዘር ለይተው ጭስ የሚያገኛት ቦታ ይስቀሉልኝ፣ ካለቀችብዎት ደሞ ሽማግሌ ጎረቤቶችን ይጠይቁ፣ አንድ ቤት አይጠፋም። ለከርሞ ሁለት ሶስት ትልም ቢጨምሩላት እሸት ሲደርስ ደሴ ላይ ለሚያጠቡ እናቶች ዘንቢል አንድ አንድ ዛላ ትገባለች። ያቺ የቆቦዋ እናት ልጇ ያኔ አመት ሞልቷት ትሄዳለች፣ እሸቱን አላምጣ ትሰጣታለች።